ስለ ልጆች የልብ ሕመም የታተመን ጥናት እንዴት ማንበብ ይቻላል

ስለ ልጆች የልብ ሕመም የታተመ ጥናት ሲከፍቱ አንድ ጥያቄ ይዘው ይግቡ፦ እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ሕመማቸው የት ደርሷል? በምን መሣሪያ ተመረመሩ? ምን ያህል ጊዜ ተከታተሏቸው? ውጤቱ ለእርስዎ ልጅ ወይም ለሚያክሙት ልጅ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ከእነዚህ መልሶች ነው። የሦስት ቀን ጨቅላም የ15 ዓመት ጎረምሳም በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «ልጆች» በሚለው አንድ ቃል ይጠራሉ። ልባቸው ግን በመጠንም፣ በሕመም ዓይነትም፣ ለመድኃኒት በሚሰጠው ምላሽም እጅግ ይለያያል።

ለማሳያ አንድ ጥናት ይዘን እንሄዳለን። የልጆች የልብ ሐኪም የሆኑት አንድሪያ ቢተን ከኡጋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያሳተሙት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን የልብ ቫልቭ እንዲያጠቃ ያደርጋል። ቫልቩ ይወፍራል፣ በደንብ አይገጥምም፣ ደም ወደ ኋላ ያሳልፋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይህ ነው። ልጁ ምንም ሳያመው በልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም በኢኮ፣ ብቻ የሚታይ ድብቅ ደረጃም አለው። የጥናቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ በድብቅ ደረጃ ላለ ልጅ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ቢሰጥ ሕመሙ እንዳይባባስ ይረዳል?

ጽሑፉን ማግኘት

ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የሕመሙን ስም ብቻ ጽፈው ከፈለጉ ግን ስለ አዋቂዎች የተጻፈው ያጥለቀልቅዎታል። ዕድሜን ከልደት እስከ 18 ዓመት፣ የጽሑፍ ዓይነትን በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎች ወይም ስልታዊ ግምገማዎች (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑ) ብለው በማጣሪያው ይገድቡ። ሙሉው ጽሑፍ በክፍያ ብቻ የሚነበብ ከሆነ አድራሻቸው ጽሑፉ ላይ ላለው ተመራማሪ አጭርና ጨዋ ኢሜይል መጻፍ የተለመደ ነው። ገጹን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈትሹት ጽሑፉ ከኅትመት የተሰረዘ ወይም እርማት የወጣበት እንደሆነ ነው፤ ፐብሜድ ይህን ከርዕሱ አጠገብ በግልጽ ያሳያል። ሌሎች ባለሙያዎች ሳይገመግሙት በቅድመ ኅትመት የተለጠፈ ከሆነም ይህንኑ ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ የልጅን ሕክምና መቀየር አይገባም።

በምን ቅደም ተከተል ይነበብ

አብዛኛው ሰው አብስትራክቱን፣ ማለትም ከጽሑፉ መጀመሪያ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ያነብና ወደ መደምደሚያው ይዘላል። እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። አብስትራክቱን አንድ ጊዜ አንብበው ስለ ምን እንደሆነ ይረዱ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አሠራር ዘዴው ይሂዱ። ልጆቹ እንዴት ተመረጡ፣ ማን ቀረ፣ ዋናው መለኪያ ምን ነበር፣ መቼ ተለካ የሚለውን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ፤ የልጆቹ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ጾታና የሕመም ደረጃ እዚያ ነው። ከዚያ ውጤቱን፣ ከውጤቱ በኋላ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጥናታቸውን ድክመት የጻፉበትን አንቀጽ ያንብቡ። ውይይቱ መጨረሻ ይቆይ። ውይይት ተመራማሪው የራሱን ትርጓሜ የሚያቀርብበት ስለሆነ የራስዎን ግምት ሳይይዙ ካነበቡት በእርሱ ዓይን ብቻ ያያሉ።

ቁጥሩ የት የት እንደቀነሰ ይከተሉ

ጥሩ ጥናት ልጆቹ ከመጀመሪያው ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ምርመራ እንዴት እንደቀነሱ የሚያሳይ ንድፍ አለው። በኡጋንዳው ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ 102,200 ልጆች በኢኮ ተመረመሩ። በመጀመሪያው ምርመራ 3,327ቱ ድብቅ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሳይኖርባቸው አይቀርም ተባለ። በማረጋገጫ ኢኮ ተለይተው ለጥናቱ ብቁ የሆኑት 926 ነበሩ። 916ቱ በፈቃድ ገቡና በዕጣ ተመደቡ፤ ዋናው ስሌት የተሠራው በ818 ላይ ነው፤ 799ኙ እስከ መጨረሻ ዘለቁ።

በእያንዳንዱ እርከን ላይ ቆም ብለው «የቀሩት ለምን ቀሩ?» ብለው ይጠይቁ። ከ3,327 ወደ 926 መውረዱ አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፦ በማጣሪያ ኢኮ «ተጠርጥሯል» መባል ከምርመራ ውጤት እጅግ የራቀ ነው። ከ916 ወደ 818 መውረዱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ በዕጣ ከተመደቡ በኋላ ልጆች ከስሌት ሲወጡ ምክንያቱ በዘዴው ክፍል ተጽፎ መገኘት አለበት። በመጨረሻም ከ818ቱ 799ኙ፣ ማለትም 97.7 በመቶው፣ መጨረሳቸው ለሁለት ዓመት ክትትል እጅግ ጥሩ ነው። ከአምስት ልጆች አንዱ የጠፋበት ጥናት ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ ይገባ ነበር፤ ከክትትል የሚጠፉት ብዙ ጊዜ የባሰባቸው ወይም ከጤና ተቋም ርቀው የሚኖሩት ናቸውና።

ውጤቱን በራስ እጅ ማስላት

ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌ ከሚወስዱት መካከል ሕመሙ በኢኮ የባሰባቸው 3 ልጆች (0.8 በመቶ)፣ ከማይወስዱት ደግሞ 33 (8.2 በመቶ) ነበሩ። ይህን በሁለት መንገድ መናገር ይቻላል። «መባባስን በ90 በመቶ ቀነሰ» ማለት ልክ ነው፤ ግን ብቻውን ሲነገር ያሳስታል፤ ከስንት ተነሥቶ እንደቀነሰ አይነግርምና። ሁለተኛው መንገድ ልዩነቱን ራሱን መውሰድ ነው፦ 7.5 የመቶኛ ነጥብ። (8.2 ላይ 0.8 ሲቀነስ 7.4 ይመጣል፤ ጽሑፉ 7.5 የሚለው ስሌቱ ሳይጠጋጋ ስለተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ልዩነት ስሕተት አይደለም።)

አሁን 100ን ለ7.5 ያካፍሉ፤ 13.3 ይመጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 14። ይህም ማለት አንድ ልጅ እንዳይባባስበት 14 ልጆች ለሁለት ዓመት መርፌ መውሰድ አለባቸው። በየ4 ሳምንቱ ሲሆን በሁለት ዓመት ለአንድ ልጅ 26 መርፌ ያህል ነው፤ ለ14ቱ 364። ቁጥሩን እስከዚህ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ጭኑ ወይም መቀመጫው ላይ የሚወጋው፣ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት አንክሶ የሚሄደው ልጁ ነውና። ጥቅሙ ይህን ያህል ሸክም ያዋጣል ብለን እናምናለን፤ ቫልቭ ክፉኛ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ቤተሰቡ ግን ሁለቱንም ቁጥር አይቶ መወሰን አለበት።

ቀጥሎ የመተማመኛ ክልሉን፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለውን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለ ግምት፣ ይመልከቱ። ጥናቱ ልዩነቱ ከ4.7 እስከ 10.2 ነጥብ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። ያንኑ ስሌት በሁለቱም ጫፍ ይሥሩ፦ በመልካሙ ጫፍ 10 ልጆች፣ በደካማው ጫፍ 22 ልጆች። ደካማው ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር እውነት ቢሆን ውሳኔዎ ይለወጣል? የማይለወጥ ከሆነ ውጤቱ ለእርስዎ ጠንካራ ነው። ክልሉ ዜሮን የሚያቋርጥ ቢሆን ኖሮ መርፌው ምንም ላይጠቅም የሚችልበት ዕድልም አብሮ አለ ማለት ነበር።

ጉዳቱንም በዚያው ሚዛን ያስቀምጡ። በመርፌው ምክንያት የመጣ ከባድ ችግር በ2 ልጆች ላይ ታይቷል፤ አንደኛው ቀላል የሚባል አናፊላክሲስ (መላ ሰውነትን የሚነካ ድንገተኛ የአለርጂ ምላሽ) ነበር። ጥቅሙን በመቶኛ፣ ጉዳቱን በነጠላ ቁጥር የሚጽፉ ጽሑፎች አሉ፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት ቁጥር ቀይረው ያነጻጽሩ።

ይህ ጥናት የማይመልሰውንም ይለዩ። መርፌ የማይወስደው ቡድን አስመሳይ መርፌ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ልጆቹና ቤተሰቦቻቸው በየትኛው ቡድን እንዳሉ ያውቁ ነበር። ኢኮውን የገመገሙት ባለሙያዎች ግን የትኛው ልጅ መርፌ እንደወሰደ አያውቁም ነበር፤ ዋናው መለኪያ በኢኮ የሚታይ ስለሆነም ድክመቱ በብዙው ተሸፍኗል። የተለካው በኢኮ መባባስ ነው፤ ሞት ወይም የልብ ድካም አልነበረም፤ ለዚያ ሁለት ዓመት አይበቃም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥናቱ ድብቅ ደረጃ ላይ ስላሉ ልጆች እንጂ ቫልቩ ክፉኛ ስለተጎዳበት ልጅ አይናገርም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ከባድ የቫልቭ ጥበት ወይም የልብ ድካም ያለባቸው ታካሚዎች ከመርፌው በኋላ ልባቸው በድንገት ሊዳከም እንደሚችልና ለእነርሱ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ይሻል እንደሆነ መታየት እንዳለበት አሳስቧል። መርፌው አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን የተለያዩ ናቸው።

የኢኮ ቁጥሮች

በልጆች የልብ ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አዋቂ ላይ አንድ የደም ሥር 4 ሚሊ ሜትር ነው ሲባል ትርጉም አለው። ልጅ ላይ ግን የአካሉ ስፋት ሳይታወቅ ሚሊ ሜትር ብቻውን አይረባም። ስለዚህ ጥናቶች ዜድ ስኮር ይጠቀማሉ፤ ይህም የልጁ ልክ በአካል መጠን ከሚመስሉት ጤናማ ልጆች አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚነግር ቁጥር ነው። ዜሮ አማካይ ነው፤ ከ2 በላይ ሲሆን ከተለመደው ወጥቷል። ለምሳሌ በካዋሳኪ ሕመም (የልጆችን የደም ሥሮች የሚያስቆጣ ሕመም ነው) የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ሥሮች ዜድ ስኮር ከ2.5 ጀምሮ ትንሽ እብጠት፣ ከ5 ጀምሮ መካከለኛ፣ 10 ሲደርስ ወይም ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግዙፍ ይባላል።

ችግሩ ዜድ ስኮር የሚሰላባቸው ቀመሮች ብዙ መሆናቸው ነው። የተለያዩ ቡድኖች በተለያዩ ጤናማ ልጆች ላይ ለክተው የየራሳቸውን ቀመር አውጥተዋል፤ የአንድ ልጅ ያው የደም ሥር በአንዱ ቀመር 2.3፣ በሌላው 2.6 ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ትንሽ መስፋት፣ በሌላው እብጠት ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ በዘዴው ክፍል ውስጥ የትኛው ቀመር እንደተወሰደ ይፈልጉ። በሁለት የተለያዩ ቀመሮች የተሠሩ ጥናቶችን ወይም የአንድ ልጅ ሁለት ምርመራዎችን አያነጻጽሩ። በተመሳሳይ ምክንያት የልጁ ቁመትና ክብደት በተመረመረበት ቀን መለካት አለበት፤ ከስድስት ወር በፊት የተለካ ክብደት ዜድ ስኮሩን ያዛባል።

የሩማቲክ የልብ ሕመም መለኪያም እንዲሁ ዝርዝር አለው። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2012 ባወጣው መስፈርት በሚትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ባለው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው ነው) በኩል ወደ ኋላ የሚፈሰው ደም የሕመም ምልክት ነው የሚባለው አራት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ በሁለት አቅጣጫ ሲታይ፣ ርዝመቱ ቢያንስ በአንዱ አቅጣጫ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ሲሆን፣ ልብ በሚጨመቅበት ጊዜ ሁሉ ሲቀጥል። አንዱ ከጎደለ በጤናማ ልጅም ላይ የሚታይ ሊሆን ይችላል። ይህ መስፈርት በ2023 ተሻሽሏል። ስለዚህ የ2010፣ የ2015 እና የ2024 ጥናቶችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሕመሙ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ የተለወጠው መለኪያው ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ብቻ ውጤትን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ኤልዋ ማሪዦንና ባልደረቦቻቸው በ2007 ያሳተሙትን ይመልከቱ። በካምቦዲያ 3,677 ተማሪዎች ተመርምረው በሐኪም ማዳመጫ የተገኙት 8 ሲሆኑ በኢኮ 79 ነበሩ። በሞዛምቢክ ከ2,170 ተማሪዎች በማዳመጫ 5፣ በኢኮ 66። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ልዩነቱ ግን አሥር እጥፍ ያህልና ከዚያ በላይ ነው። ከውልደት ጋር በሚመጣ የልብ ሕመምም ይኸው ይታያል፦ የተለያዩ ጥናቶች ከ1,000 ሕፃናት ከ4 እስከ 50 የሚደርስ ቁጥር አውጥተዋል። ሰፊውን ልዩነት በዋናነት የሚያመጣው በራሳቸው የሚዘጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መቆጠራቸው ወይም አለመቆጠራቸው ነው።

ከአዋቂ የተወሰደ ሕክምና

«ለአዋቂዎች የሚሠራው ለልጆችም ይሠራል» የሚል ግምት በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ተደብቋል። ካርቬዲሎል የልብ ድካም ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ሞትን እንደሚቀንስ የታወቀ መድኃኒት ነው። በ2007 በጃማ መጽሔት የወጣ ጥናት 161 ልጆችና ጎረምሶችን በዕጣ መድቦ ከፕላሴቦ፣ ማለትም ከአስመሳይ መድኃኒት፣ ጋር አነጻጸረው፤ በሁለቱም ወገን የተሻላቸው 56 በመቶ ነበሩ። ልዩነት አልታየም። ነገር ግን «ካርቬዲሎል ለልጆች አይሠራም» ብሎ መዝጋትም ስሕተት ነው። ፕላሴቦ የወሰዱት ልጆች ከተጠበቀው በላይ ስለተሻላቸው 161 ልጅ ልዩነትን ለማሳየት ሳይበቃ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የልጆች የልብ ድካም መነሻው ብዙ ስለሆነም አንዱን ቡድን የሚጠቅም ሌላውን ላይጠቅም ይችላል። «ልዩነት አልታየም» የሚል ጥናት ሲያጋጥምዎ የመተማመኛ ክልሉ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ ብለው ይዩ፤ ሰፊ ከሆነ ጥያቄው ገና አልተመለሰም።

የክትትሉ ርዝመት

የግራ የልብ ክፍላቸው ሳያድግ ለሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ወደ ሳንባ ደም የሚወስድ ቱቦ ይገጠማል። በሰሜን አሜሪካ ሁለት ዓይነት ቱቦዎችን ያነጻጸረ፣ በ2010 የታተመ ጥናት በ549 ሕፃናት ላይ ከ12 ወር በኋላ ያለ ልብ ንቅለ ተከላ በሕይወት የቆዩት በአንደኛው ቱቦ 74 በመቶ፣ በሌላው 64 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ ጉልህ፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል፣ ነበር። ልጆቹ 6 ዓመት ሲሞላቸው ግን ቁጥሩ 64 እና 59 ሆኖ ተቀራረበ፤ ልዩነቱም ጉልህ መሆኑ ቀረ። በ2010 ላይ ቆሞ የነበረ አንባቢ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው። የልጅ ልብ ለ60 እና ለ70 ዓመት መሥራት አለበት፤ ስለዚህ ማንኛውንም ጥናት ካነበቡ በኋላ በፐብሜድ ላይ «የጠቀሱት ጽሑፎች» የሚለውን ከፍተው የተከታይ ዓመታት ውጤት ወጥቶ እንደሆነ ይፈትሹ።

የአንድ ተመራማሪን ሥራ በሙሉ ማየት

የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎች ሲሰበስቡ በስም ብቻ አይፈልጉ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። ከስሙ ጋር ተቋሙን ወይም የሕመሙን ስም ይጨምሩ። በሕክምና ጽሑፍ ላይ በተለምዶ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በዋናነት የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ የመራው ነው። ጽሑፎቹን በዓመት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ጥያቄው እንዴት እንዳደገ ይታያል። ቢተን በ2012 በኡጋንዳ ተማሪዎች ላይ የኢኮ ማጣሪያ ጥናት አሳትመው ነበር፤ ከዚያ ድብቅ ሕመም ያለባቸው ልጆች ምን እንደሚሆኑ የሚከታተሉ ጥናቶች መጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የመርፌው ሙከራ የመጣው። እንዲህ ሲደረደር አንድ አደጋ ግን አለ፦ እነዚያው ልጆች በሁለትና በሦስት ጽሑፎች ውስጥ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የጥናቱ ቦታና ልጆቹ የተመዘገቡበት ዓመት የሚደራረብ ከሆነ እንደ ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች አይውሰዷቸው።

ወደ ሐኪም ይዘው ሲሄዱ

ወላጅ ከሆኑ ጽሑፉን በሙሉ አትመው አይውሰዱ፤ የቀጠሮ ጊዜ ያልቃል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የጥናቱ ርዕስና ዓመት፣ የልጆቹ ዕድሜና የሕመም ደረጃ፣ የተሰጠው ሕክምና፣ በሁለቱ ቡድኖች የታየው ቁጥር። ከጎኑ የራስዎን ልጅ ይጻፉ፦ ትክክለኛው የምርመራ ስም፣ የመጨረሻው ኢኮ የተሠራበት ቀን፣ በዚያ ቀን የነበረው ክብደትና ቁመት፣ ዜድ ስኮሩና የተሰላበት ቀመር፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ ያለበት አለርጂ። የኢኮውን ሪፖርት ቅጂ ሁልጊዜ ይጠይቁ፤ «ትንሽ ችግር አለበት» የሚል የቃል መልስ ከጥናት ጋር አይነጻጸርም። ሐኪሙን የሚጠይቁትም «ይህን ጥናት አይተውታል?» ብቻ አይሁን፤ «የእኔ ልጅ በዚህ ጥናት ውስጥ ይገባ ነበር? ካልሆነ በየትኛው ምክንያት ይቀር ነበር?» ይበሉ። መልሱን እስኪያገኙ ድረስ በሐኪም የታዘዘ መርፌም ሆነ ክኒን አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይቀይሩ። በልብ ሕመም የሚታከም ልጅ መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ጨቅላ ሆኖ ሲጠባ እየላበው የሚያቋርጥ ከሆነ ንባቡን ትተው በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።